ከኮምፒውተሩ በፊት መዝጋቢዋ

እኛ በኩፓት ሖሊም የምንሠራ የማህበረሰብ ነርሶች አረጋውያን ወላጆቻችንን ስንቀበል ቀድመን የምናየው የትውልድ ዘመናቸውን ነው። አንዲት እናት ለደም ምርመራ መጥተው መታወቂያቸው 1/1/1950 ይላል። «ልጄ፣ እኔ እኮ የተወለድሁት ጣሊያን ጎንደር እያለ ነው» አሉን። ጣሊያን ከጎንደር የተባረረው በ1941 መጨረሻ ነው። መታወቂያው ቢያንስ ስምንት ዓመት ቀንሶላቸዋል። እዚህ አገር ሲገቡ የመዘገባቸው ሰው ፊታቸውን አይቶ ገመተ። 1/1 ደግሞ ቀኑን ለማያውቅ ብዙ ሰው የሚታደል ልደት ነው።

እርሳቸው ሲስቁ እኛም አብረን ሳቅን። ሒሳቡ ግን አያስቅም። ጡረታ የሚታሰበው በመታወቂያ ዕድሜ ነውና እኒህ እናት ማረፍ በሚገባቸው ጊዜ ስምንት ዓመት ጨምረው የሰው ወለል አጥበዋል። በክሊኒክም ያው ነው። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ከደም ውጤትና ከዕድሜ ነው። ዕድሜው ካነሰ ኩላሊቱ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል፤ የአንዳንድ መድኃኒት መጠንም በዚያው ልክ ይታዘዛል።

እኒህ እናት በተወለዱበት መንደር ልደት የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ኢትዮጵያ ልደትና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ በሕግ መመዝገብ የጀመረችው በ2016 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለታችን ነው። ዛሬም በገጠር ብዙ ልጅ ሳይመዘገብ ያድጋል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን አሁን ልጆቻችን ለጎንደር አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ኮምፒውተርና ታብሌት እንላክ እያሉ ገንዘብ ያሰባስባሉ። ሐሳባቸው ደግ ነው፤ ተባረኩ እንላለን። ገንዘቡ ግን በመጀመሪያ ለሚጽፍና ጽሑፉን አንብቦ ለሚተነትን ሰው መዋል አለበት ብለን እናምናለን። ዕቃው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዳባትን የማያውቅ የወገራ ሰው የለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ እዚያ የጤና ምርምር ማዕከል አለው። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ ከአካባቢው የተቀጠሩ ሰዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ ብለው ይጽፋሉ። ሰው ቤቱ ሲሞት ቤተሰቡን ይጠይቃሉ፦ ሳል ነበረው? ስንት ቀን አተኮሰው? እግሩ አብጦ ነበር? ከዚያ መልስ ሐኪም የሞቱን ምክንያት ይገምታል። ልቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ ያለውን መጠየቅ ምን እንደሚከብድ እናንተ ታውቃላችሁ። ለቀስተኛን የሚያናግር ሰው አገሩን፣ አነጋገሩን፣ ወጉን ማወቅ አለበት። ታብሌት ይህን አያውቅም።

እንዲህ ያለ ሥራ ዋጋ የሚያገኘው ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው። የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የሃያ ዓመት ቁጥር ግን የሕፃናት ሞት መቀነስ አለመቀነሱን ያሳያል። ለሁለት ዓመት ብቻ ገንዘብ ሰጥቶ የሚወጣ ረጂ ክሩን ይበጥሰዋል።

ሌላው ምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ከ2003 ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ዓመት ሰልጥነው በመንግሥት ደመወዝ ተመድበዋል። ለእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማህደር ይይዛሉ፤ ክትባቱ፣ እርግዝናው፣ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። አሁን ማህደሩ ቀስ በቀስ ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። መልካም ነው፤ ግን መብራት የሌለበት ቀበሌ አለ፣ ኔትወርክ የማይገባበት አለ፤ እዚያ ያለችው ሴት በወረቀትም በታብሌትም ትጽፋለች፣ ሥራዋ እጥፍ ይሆናል። ከዚያም ቁጥሩ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ «ቀበሌሽ እንዲህ ሆኗል» ብሎ የሚመልስላት ከሌለ ለምን ትጠንቀቅ? እኛም ክሊኒክ ውስጥ ስክሪን ላይ ስንሞላ የምንውለው ማንም የማያነበው ሲሆን እጃችን ይሰንፋል።

ፕሮግራም አልጠፋም። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ በኋላ ለጤና መረጃ ያስጀመረችውና ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያደገው ዲኤችአይኤስ ዛሬ በብዙ ድሃ አገሮች ይሠራል፤ ኢትዮጵያም ትጠቀምበታለች። ነፃ ነው፤ ፈቃድ ግዙ የሚል የለም። የሚቸግረው ቁጥሩ የተሳሳተ መሆኑን የሚለይ፣ ጥያቄውን ራሱ የሚያወጣ የአገር ሰው ማብዛት ነው። በ1990 አንድ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እንዳሳየው፣ በዓለም ለጤና ምርምር ከሚወጣው ገንዘብ በታዳጊ አገሮች ችግር ላይ የሚውለው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ገንዘቡ የሌላ ሲሆን ጥያቄውም የሌላ ይሆናል፤ ደሙ ከገበሬው ተቀድቶ ጽሑፉ እርሱ በማያነበው ቋንቋ ይወጣል።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ አዋጡ ስትባሉ አትከልክሉ፤ ግን ጠይቁ። የሚጽፈው ማን ነው? ደመወዙን ለስንት ዓመት የሚከፍለው ማን ነው? ሲበላሽ ጎንደር ውስጥ የሚጠግነው አለ? ለሁለት ሳምንት ሄደን አሰልጥነን እንመለሳለን የሚል መልስ ከሆነ፣ ለአውሮፕላን ትኬት የሚወጣው ገንዘብ የአንድ የጎንደር ተማሪን ትምህርት ቢደግፍ ይሻላል እንላለን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ ጤና ኢንፎርማቲክስ ያስተምራል፤ ተማሪው ከዚያው ነው፣ ከዚያው ይቀራል።

ልጃችሁ ነርስነት ወይም ኮምፒውተር ልማር ካለች ደግሞ ሁለቱ የሚገናኙበት ሥራ እንዳለ ንገሯት። አማርኛ፣ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ይዛ የጤና መረጃ የምታነብ ልጅ እዚህም እዚያም ትፈለጋለች። አማርኛውን ግን ከእናንተ ካልያዘች የትም አታገኘውም።

እናንተም ክሊኒክ ስትመጡ የመታወቂያውን ዕድሜ ብቻ አትንገሩን። ጣሊያን ሲወጣ ስንት ይሆነኝ ነበር፣ ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ልጅ ነበረኝ ብላችሁ ንገሩን። እዚያ ያሉት መዝጋቢዎችም ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ሲገጥማቸው እንዲሁ ነው የሚጠይቁት። መታወቂያውን እኛ ማስተካከል አንችልም፤ ለሐኪሙ ግን በማህደራችሁ ላይ እንጽፍለታለን።