ለዲጋ ሴት ልጆች አንድ የቴኒስ ሜዳ

በወለጋ፣ በዲጋ፣ በአርጆ ጉደቱ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ አብረን ያደግን፣ ዛሬ ደመወዝተኛ የሆንን፣ ሱቅ የከፈትን ወይም ባሕር ተሻግረን የምንኖር የአንድ ዘመን ልጆች ሆይ! ለእህቶቻችን ልጆች የቴኒስ ሜዳ እንሥራላቸው። አዎ፣ ቴኒስ።

«ትምህርት ቤቱ ራሱ ስንት ጊዜ ተዘግቶ በከረመበት አገር ቴኒስ ምን ቤት ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን የጎረቤታችንን የኬንያን ልጅ የአንጄላ ኦኩቶዪን ነገር ስሙ። እናቷ በወሊድ ሞተው፣ እሷንና መንታ እህቷን ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። አያቲቱ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የገዳም ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤታቸውም እዚያው ግቢ ነበር። ግቢው ውስጥ ደግሞ የቴኒስ ሜዳ አለ። ራኬት የጨበጠችው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ18 ዓመቷ፣ ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ተጣምራ የዊምብልደንን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫ ወሰደች። በ2024 ደግሞ አክራ ላይ በመላ አፍሪካ ጨዋታዎች በነጠላ ወርቅ አገኘች። ጎበዝነቷ የራሷ ነው፤ ሜዳው ግን ቀድሟት የተሠራ ነው።

የቱኒዚያዋ ኦንስ ጃብርም በሦስት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ሜዳ ገብታ ነው የጀመረችው። ያቺ ልጅ በ2022 እና በ2023 ለዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰች፤ ከዓለምም 2ኛ ሆነች።

የሙያው መንገድ ቀላል ነው አልላችሁም። ተጫዋቿ የዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ለመግባት ከአገር አገር እየዞረች ነጥብ መልቀም አለባት። የታችኛው እርከን ውድድር ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር ሲሆን እሱንም ብዙ ሰው ይካፈለዋል። የአውሮፕላኑንና የማደሪያውን አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍለው ራሷ ናት። ስለዚህ ከዲጋ የዊምብልደን ሻምፒዮን ይወጣል ብዬ ቃል አልገባም፤ እንዲያ የሚል ሰው ቢመጣባችሁም ገንዘባችሁን አትስጡት።

ሩጫ ይበቃናል የምትሉም አላችሁ። በቆጂ ደራርቱን፣ ጥሩነሽንና ቀነኒሳን ያወጣችው በከፍታዋ ብቻ ይመስላችኋል? ሰንታየሁ እሸቱ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር በየማለዳው ልጆቹን ሰብስቦ የሚያሠራው። ከፍታ ወለጋም አላት። የጎደለን ልጆቹን ጠዋት ጠዋት የሚጠብቅ አዋቂ ነው።

ሥራው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ሙሉ ሜዳ 23.77 በ10.97 ሜትር ነው፤ ዳር ዳሩን ለመሮጫ ሲተዉለት 36 በ18 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ለትንንሾቹ ግን 11 በ5.5 ሜትር ይበቃል፤ ኳሱም ለስለስ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚነጥር ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚወዳደሩት በዝግተኛ ኳስ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ በየትኛውም ትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ይገባል። ቀዩ አፈራችን እየተረጨ ሲጠቀጠቅ ይጠነክራል። የሚያስፈራው የወለጋ ክረምት ነው፤ ስለዚህ ሜዳው በትንሹ ተዳፋት ይሁን፣ ዙሪያውንም ቦይ ይቆፈርለት። ይህን ያላደረገ በመስከረም ጭቃ ያገኛል።

መምህራን፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ስጡን። ነቀምቴ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ መረቡና ምሰሶው የእናንተ ነው። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ተማሪዎች፣ አሠልጣኝ ሁኑልን። ውጭ ያላችሁ፣ ለበዓል ስትመጡ ከሻንጣችሁ ጥግ ለራኬትና ለኳስ ቦታ ተዉ። እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁን ከውሃ መቅጃው ሰዓት ጥቂት ቀንሳችሁ ልቀቋት፤ ይህ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

በቆሎውና ቡናው ተሰብስቦ እጅ ሲፈታ፣ በጥር፣ ዶማና አካፋ ይዘን ለደቦ እንውጣ።