የወደቀችው ልጅቷ ናት ወይስ ቋንቋዋ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፈተና ነው። ፈተና ስል ስደቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ የየዕለት እንጀራችን ሆኗል። እኔ የምለው ልጆቻችን ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው ስለሚቀመጡበት፣ እኛም ሥራ ፍለጋ ስንሄድ «እስቲ ሠርተሽ አሳዪኝ» ስለምንባልበት ፈተና ነው።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ዴም ሰፈር ስንኖር አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ወሰደቻት። ልጅቷ አገር ቤት ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰች ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ወረቀቷ ግን መንገድ ላይ ጠፍቷል። ወረቀት ከሌለ ትፈተን ተባለና የሒሳብ ፈተና ቀረበላት። ጥያቄው በዐረብኛ ነው፤ ቁጥሩም በዐረቦቹ አጻጻፍ። እንደምታውቁት የነሱ አምስት የኛን ዜሮ ይመስላል፣ ስድስታቸው የኛን ሰባት ይመስላል፣ ዜሯቸው ደግሞ ነጥብ ናት። ልጅቷ ያየችውን ሠራች፤ ሁሉም ስህተት ሆነ። ሁለተኛ ክፍል ትግባ ተብሎ ተወሰነ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር!

እናትየዋ ስታለቅስ የሰማ ዐረብኛ የሚያውቅ የሰፈራችን ልጅ እነዚያኑ ጥያቄዎች በአማርኛና በለመደችው ቁጥር ገልብጦ ሰጣት። ከአሥሩ ስምንቱን ሠራች። እናትየዋ ሁለቱንም ወረቀት ይዛ ተመልሳ ሄደች። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ልጅቷ አምስተኛ ክፍል ገባች። ታዲያ መጀመሪያ የወደቀችው ልጅቷ ናት ወይስ ቋንቋዋ?

ይህ የደረሰው በኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ አልፍሬድ ቢኔ የተባለ ሰው የልጆችን አእምሮ የሚመዝን ፈተና አዘጋጀ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ሄንሪ ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ ያንኑ ፈተና ኒውዮርክ ወደብ፣ ኤሊስ ደሴት ላይ ከመርከብ ለወረዱ ስደተኞች በአስተርጓሚ ሰጠ። ብዙዎቹ ባሕሩ ያንገላታቸው፣ እርሳስ ይዘው የማያውቁ ገበሬዎች ነበሩ። እሱ ግን በ1917 ባወጣው ጽሑፍ ከተፈተኑት አብዛኞቹን አእምሯቸው ደካማ ነው አላቸው። እዚያው ደሴት ይሠራ የነበረው ሐኪም ሃዋርድ ኖክስ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ትናንሽ የእንጨት ኩቦች ደርድሮ በተራ ይነካቸዋል፤ ስደተኛው አይቶ ያንኑ ይደግማል። ቋንቋም ፊደልም አይጠይቅም። ሰዎቹ ያው ስደተኞች ናቸው፤ የተለወጠው አጠያየቁ ነው።

ይህን ስል ፈተና ይቅር ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ወረቀቱ ለጠፋበት ሰው ከፈተና የተሻለ ወዳጅ የለውም። ዲፕሎማ ሊቃጠል ይችላል፣ ሊሰረቅም ይችላል፤ እጅ የለመደው ሙያ ግን ከሰው ጋር ድንበር ይሻገራል። የማውቃት አንዲት እህት ካርቱም ምግብ ቤት ሥራ ስትጠይቅ «ምስክር ወረቀት አለሽ?» አሏት። «እጄ ነው ምስክሬ፣ አንድ ድስት ስጡኝ» አለች። ሠርታ አሳየች፣ በማግስቱ ሥራ ጀመረች። አገር ቤትም ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰው ተመዝኖ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት መንገድ ነው። ፈተና ባይኖር እኮ ሥራና ትምህርት የሚገኘው በዘመድ ብቻ ይሆን ነበር።

ግን ሥራ ላይም ተንኮል አለ። «ሦስት ቀን እንይሽ» ብለው ዕቃ ሲያሳጥቡ ሰንብተው፣ በአራተኛው ቀን «አልሆንሽም» ብለው ሌላዋን ለሦስት ቀን የሚያስገቡ አሉ። ይሄ ነፃ ጉልበት እንጂ ፈተና አይባልም። ሙያን ለማየት የአንድ ቀን ሥራ ይበቃል።

ሌላው ችግር የሰው ዕድሜ በአንድ ፈተና ላይ ሲንጠለጠል ነው። ሱዳኖች ሸሃዳ የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ የዚያ ዓመት ፈተና ቀረ፤ የተሰጠው በ2024 ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ነው። እንደ ዳርፉር ባሉ ቦታዎች የነበሩ ብዙ ተማሪዎች ያኔም ሊቀመጡ አልቻሉም። ልጆቹ አልሰነፉም፤ በሩ ነው የተዘጋው።

የአገር ቤቱንም ሰምታችኋል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተሰረዘ። ኩረጃውን ለመግታት የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። እዚህ ላይ ፈተናው ጥቅሙንም ጉዳቱንም አሳየን። ጥቅሙ፣ ተሸፍኖ የኖረውን አወጣው። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባት ያህሉ ሲወድቅ የወደቀው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም፣ መጽሐፍ ያላቀረበውም፣ ሁላችንም ወድቀናል። ጉዳቱ ደግሞ «ወደቀ» የሚለውን ስም ተሸክሞ ወደ ቤት የሚገባው ልጁ ብቻ መሆኑ ነው።

አባቶቻችን ፈተና ያውቁ ነበር። ድጓ የዘለቀ ተማሪ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ከዚያ በፊት ግን በየቀኑ መምህሩ ፊት እየቀረበ፣ ሲስት እየታረመ፣ እየደገመ ነው እዚያ የሚደርሰው። በኸልዋም እንዲሁ ነው። ልጁ ሉሁ ላይ የጻፈውን በቃሉ እስኪወጣው ድረስ አያጥበውም። ዛሬ ቢያቅተው ነገ ይደግማል እንጂ ሂድ አይባልም። ፈተና እንዲህ ሲሆን የማስተማሪያ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ በፈተና ክፍል ሊመደብ ሲል ፈተናው በምን ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁ። ቋንቋው እንግዳ ከሆነ ቢያንስ ሒሳቡን በሚያውቀው ቋንቋ እንዲፈተን ለምኑ። የተፈተነበትን ወረቀት አሳዩን በሉ፤ ስህተቱን ያላየ ልጅ ከፈተናው ምንም አይማርም። ቋንቋውን ሲለምድ ድጋሚ የሚፈተንበትን ጊዜም ከወዲሁ ጠይቁ። የውጭ ቁጥር አጻጻፍን ደግሞ እቤት በአንድ ሳምንት ማስለመድ ይቻላል፤ እናንተ ባታውቁት የጎረቤት ልጅ ያውቀዋል። ሥራ ፈላጊዎችም ሙከራው ስንት ቀን እንደሆነና ክፍያ እንዳለው ሳትነጋገሩ እጃችሁን ውኃ ውስጥ አትክተቱ።

ከሁሉ በላይ ግን ልጃችሁ ዜሮ ይዞ ሲመጣ አለንጋ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩት። ምናልባት ዜሮ የመሰላችሁ አምስት ሊሆን ይችላል።

ቸር ይግጠመን።