ማቅለል ማጓደል አይደለም

ተራራና ደን ለማየት በእግሩ የሚጓዝ ሰው ሁለት ነገሮች አብረውት ይሄዳሉ፤ አንደኛው ጉልበቱ ሲሆን ሁለተኛው ሸክሙ ነው። ጉልበት በየዳገቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሸክም ግን ሰው በደከመ ቁጥር የከበደ ይመስላል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ጉዞም ሆነ ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚሰናዳ መንገደኛ «ምን ልያዝ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ልተው?» ብሎም ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ብዙ ወጣቶች ግን የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። ለእያንዳንዱ ሥጋት አንድ ዕቃ ያዘጋጃሉ። ለአንድ ሌሊት ሦስት ቅያሪ ልብስ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ፣ ከባድ ድስት፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሳይቀር በጀርባቸው ያዝላሉ። ዳገቱ ሲጀምር ዐይናቸው ከመሬት አይነሣም፤ ሊያዩት የመጡት ገደልና ሸለቆ፣ አውሬና አዕዋፍ ሳይታይ ያልፋል። ከዚህም በላይ ከባድ ሸክም ቁልቁለት ላይ ሚዛንን ያሳጣል፤ ጉዞንም ያዘገያል። የዘገየ መንገደኛ ደግሞ ካሰበው ቦታ ሳይደርስ ይመሽበታል። በዚህ ዓይነት ለደኅንነት ተብሎ የተያዘው ዕቃ ራሱ የአደጋ ምክንያት ይሆናል።

በጥቂት ዕቃ መጓዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የጥንቱ የደጋ መንገደኛ በሶውን በስልቻ፣ ውሃውን በቅል ይዞ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በትሩን ጨብጦ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። ጋቢው ቀን ልብሱ፣ ሌሊት ብርድ ልብሱ ነው። በትሩ በዳገት ምርኩዝ፣ በወንዝ የጥልቀት መለኪያ፣ በመንደር ደግሞ የውሻ መከላከያ ይሆነዋል። በሶ ከተቆላና ከተፈጨ ገብስ የሚዘጋጅ በመሆኑ ምጣድም እሳትም አይጠይቅም፤ በጥቂት ውሃ ማሸት ብቻ ይበቃዋል። የዚህ ሰው ጥበብ አንዱን ዕቃ ለብዙ ሥራ ማዋሉ ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን መንገደኛ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። እርሱ ሲመሽበት «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ከሰው ደጅ ይቆም ነበር፤ ባለቤቱም እሳት ዳር አስቀምጦ፣ አብልቶ ያሳድረው ነበር። ሸክሙን ካቀለሉለት ነገሮች ዋናው ይህ የእንግዳ ተቀባይነት ባህል ነው። ሰው በሌለበት ተራራ ላይ የሚያድር ወጣት ግን እንዲህ ያለ ደጅ አያገኝም። ጋቢም ቢሆን ከጥጥ የተሠራ በመሆኑ ዝናብ ከመታው ይከብዳል እንጂ አያሞቅም።

ቅዝቃዜን መናቅ አይገባም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንደ ጨነቅ ያሉት የማደሪያ ቦታዎች ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥልባቸዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ደረቅ የሱፍ ልብስን፣ የዝናብ መከላከያንና የእጅ ባትሪን ትቶ መሄድ ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። ማቅለል ማለት ማጓደል አይደለም። ውሃንም እንውሰድ፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል። ምንጭ በሌለበት መንገድ ከውሃ መቀነስ ሞኝነት ነው። ምንጩ የት እንዳለ አስቀድሞ የጠየቀና ውሃውን አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ግን ብዙ ከመሸከም ይድናል። እንግዲህ ሸክምን ያለ ጉዳት የሚያቀልለው ዕውቀት ነው።

ለዚህ የአሜሪካዊቷ የኤማ ጌትውድ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1955 በ67 ዓመት ዕድሜያቸው አፓላቺያን የተባለውን 3,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የተራራ መንገድ ብቻቸውን ከዳር እስከ ዳር በእግር ጨረሱ። የያዙት ራሳቸው የሰፉትን የጨርቅ ከረጢት ሲሆን፣ ድንኳን እንኳ አልነበራቸውም፤ በእርሱ ፈንታ አንድ የፕላስቲክ መጋረጃ ይዘው ነበር። ብርድ ልብስና የዝናብ ካፖርት ግን አልተዉም። በ1954 ባደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ መንገድ ስተው ለመመለስ ተገደው ነበር። ይህም የሚያስረዳው ቀላል ከረጢት ብቻውን ለስኬት እንደማይበቃ ነው።

ታዲያ ልኩ የት ላይ ነው? የእግር ጉዞ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንደሚመክሩት፣ የአንድ ቀን ሸክም ከተሸካሚው ክብደት አንድ አሥረኛ፣ የአዳር ሸክም ደግሞ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። 50 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ እንግዲህ ለቀን 5፣ ለአዳር 10 ኪሎ ይበቃዋል። በቡድን ሲኬድ ደግሞ ለአራት ሰው አራት ድስት አያስፈልግም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ አንዱ ድስቱን፣ ሌላው ድንኳኑን፣ ሦስተኛው የመጀመሪያ እርዳታ መስጫውን፣ አራተኛው ስንቁን ቢይዝ ሸክሙ ለሁሉም ይቀላል።

ከጉዞ መልስም ዕቃን በሦስት መደብ መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው አገልግሎት የሰጠ፣ ሁለተኛው ምንም ያልሠራ፣ ሦስተኛው ያልተነካ ቢሆንም ችግር ቢደርስ ሕይወት ያድን የነበረ ዕቃ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ሁለተኛው ከቤት ይቅር፤ ሦስተኛው ግን አሥር ጊዜ ሳይነካ ቢመለስም ለአሥራ አንደኛው ጊዜ አብሮ ይሂድ።

ከመጠን ያለፈ ዕቃ በባለቤቱ ጀርባ ላይ ብቻ አይቀርም። የደከመው ተማሪ ከረጢት ወደ ጓደኛው ትከሻ፣ ወይም ቀድሞ ወደተጫነች በቅሎ ይዛወራል። ስለሆነም ከጉዞ በፊት ሸክሙን የመጠነ ወጣት ከራሱ አልፎ አብረውት ለሚጓዙት ሁሉ አስቧል ማለት ነው።