የማይመስለንን መወዳጀት፦ ከወረታ እስከ አውራምባ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ትንሽ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰው አውራምባን ያገኛል። ይህን መንደር ለማየት ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ከፎገራ አማኞች ግን ገብቶ ከሰዎቹ ጋር ቡና የጠጣው ጥቂት ነው።

የአውራምባን ማኅበረሰብ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም ከጥቂት ሰዎች ጋር ጀመረው። እዚያ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቲቱ በሬ ጠምዳ ታርሳለች፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በጋራ ይጦራሉ። በፈጣሪ ያምናሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ግን የላቸውም። በዚህ አኗኗራቸው ብዙ ተጠልተዋል። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ በ1985 ዓ.ም ሲመለሱም አብዛኛው መሬታቸው በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቆያቸው። ሽመናን ዋና እንጀራቸው ያደረጉት ወደው ብቻ አይደለም።

በአጥቢያችን ያለች አንዲት እኅት ጋቢ ልትገዛ ሄዳ ከአንዲት የአውራምባ ሸማኔ ጋር ተዋወቀች። ትውውቁ ወዳጅነት ሆነ። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት አስተያየት ተሰማ። አንዳንዶች፣ “ከማታመልክ ሴት ጋር ምን ኅብረት አላት? እምነቷን ታቀዘቅዝባታለች” አሉ። ሌሎች ደግሞ፣ “ወዳጅነቱስ መልካም ነው፤ ግን መቼ ነው የምትመሰክርላት?” ብለው ጠየቁ። ሁለተኛው የበለጠ መንፈሳዊ ይመስላል። እኛ ግን ሁለቱም ያችን ሸማኔ እንደ ሰው አላዩአትም እንላለን። ለአንዱ አደጋ ናት፣ ለሌላው ደግሞ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ።

ጌታችን በሲካር ጉድጓድ አጠገብ የተቀመጠውን እናስብ (ዮሐ 4)። ደክሞታል፣ ጠምቶታል፣ መቅጃም የለውም። ያ ታላቅ ንግግር የተከፈተው እርሱ ውኃ በመለመኑ ነው፤ ያውም አይሁድ በማይነኩት በሳምራዊት ሴት ማድጋ። በእኛ አገር የዕቃን ነገር ማብራራት አያስፈልግም፤ “ይህ የእነርሱ ብርጭቆ ነው” ተብሎ ለብቻ የሚቀመጥበትን ቤት ሁላችን እናውቃለን። ጴጥሮስም ከቆርኔሌዎስ ቤት ሲመለስ የኢየሩሳሌም ወንድሞች የከሰሱት ስለ ስብከቱ አልነበረም። ካልተገረዙት ጋር ስለ በላህ ነው ያሉት (ሐዋ 11፥3)። መስበኩን ይቅር ሊሉት ይችሉ ነበር፤ መሶቡ ግን ከበዳቸው።

ይህ ነገር በተለይ እኛን የሚመለከተን፣ በደቡብ ጎንደር የወንጌል አማኝ ጥቂት ስለሆነ ነው። “መጤ” መባልን እናውቀዋለን። ከዕድር መገለልን፣ የመቀበሪያ ቦታ መከልከልን የቀመሱ ቤተ ሰቦች በመካከላችን አሉ። (መጤነት ከተነሣ፣ ሩዝም ወደ ፎገራ ሜዳ በደርግ ዘመን የገባ እንግዳ ነበር። ጉማራና ርብ ሞልተው ውኃ የሚያቁሩበት መሬት ተስማማው፤ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል፤ ከየት መጣህ የሚለውም የለም።) የተገፋ ሰው ከገፉት ጋር ሲጣላ ቢኖር ይገባናል። ከእርሱ ይልቅ የተገፋውን ጎረቤት አለማየቱ ግን አይገባንም።

የእምነታችንን ልዩነት አናቃልለውም። መዳን በክርስቶስ ብቻ እንደ ሆነ እናምናለን፤ እኅታችንም ይህን ከወዳጇ አልሸሸገችም። ወዳጇም እንደማትስማማ በግልጽ ነግራታለች። ታዲያ ሁለቱ አልተኳረፉም። ከዚያ ቤት የተማርነው ደግሞ አለ። ኤፌሶን 5ን በየሠርጉ የምንሰብክ አገልጋዮች ስንቶቻችን ምጣድ አሰስተን እናውቃለን? ለዚህ እንኳ አውራምባ ሄዶ መቀመጥ ይጠቅማል።

አለመመቸቱ ግን እውነተኛ ነው። የዚያች ሸማኔ አባት ባረፉ ጊዜ እኅታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሠልስት ልትቀመጥ ዳቦ ጋግራ ሄደች። ድንኳን የለም፣ ለቀስተኛ የለም። በአውራምባ ቀብር በአጭሩ ይፈጸማል፣ ሌላው ወደ ሥራው ይመለሳል። ወዳጇ ሽመናዋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ምን ብላ እንደምታጽናና ጠፋት፤ ማልቀስም አፈረች፣ መሄድም አልሆነላት። በመጨረሻ እንዝርት አንሥታ አጠገቧ ጥጥ ስትፈትል ዋለች። ወደ ማታ ገደማ ወዳጇ እጇን ሳታቆም፣ “እናንተ ሙታን ይነሣሉ ትላላችሁ፤ ታዲያ ለምንድን ነው ይህን ያህል የምታለቅሱት?” ብላ ጠየቀቻት።

እኅታችን መልስ አልሰጠቻትም። ጥያቄውን ይዛ ወደ ረቡዕ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን መጣች። 1 ተሰሎንቄ 4ን ከፈትን፣ ጌታ በአልዓዛር መቃብር ማልቀሱንም አነሣን፤ መሽቶብን ለሚቀጥለው ረቡዕ አስተላለፍነው።