የባሕሩ ነፋስና የነጋዴው መዝገብ

በመርካቶም ሆነ በፒያሳ ወደ አንድ አስመጪ ጽሕፈት ቤት በጠዋት ለገባ ሰው ሦስት ጥያቄዎች ሲነሡ ይሰማል፤ ምንዛሪው ስንት ዋለ፣ ገበያው እንዴት ነው፣ ጅቡቲ ያለው ዕቃስ መቼ ይነሣል የሚሉት ናቸው። በዚያው ጠዋት የዐረብ ባሕር ማዕበል ስንት ሜትር እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ግን ከቶ አይገኝም። የባሕሩ ነገር የካፒቴኑ ጉዳይ ነው ተብሎ ተትቷል። በእርግጥም ካፒቴኑ መርከቡንና የመርከበኞቹን ነፍስ ለማዳን ሲል መንገዱን ይለውጣል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወደብ ሳይገባ ከሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በመብቱ ነውና ወቀሳ የለበትም። ነገር ግን ከዚህ የሚመጣው ኪሳራ በአብዛኛው የሚጻፈው በዕቃው ባለቤት መዝገብ ላይ ነው።

የቀድሞዎቹ ነጋድያን በዚህ ነገር ከዛሬዎቹ ይሻሉ ነበር። ከሐረር ቡና ጭኖ ወደ በርበራ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ፣ የበርበራ ገበያ የሚቆመው ከጥቅምት ገደማ እስከ መጋቢት መሆኑን ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ የሶማሌን ጠረፍ ስለሚዘጋው ጀልባዎቹ ወደየአገራቸው ይመለሳሉ፤ ከተማይቱም እስከሚቀጥለው ወቅት ባዶ ትሆናለች። ስለዚህ ያ ነጋዴ ሂሳቡን የሚያስበው ከነፋሱ ጋር ነበር። የእንፋሎትና የብረት መርከብ ከመጣ ወዲህ ግን ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው የሚል እምነት አደረ። መርከቡ ተለወጠ እንጂ ነፋሱ አልተለወጠም።

ወቅቶቹን ማወቅ ከባድ ነገር አይደለም። በእኛ ክረምት፣ ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ፣ ሞንሱን የሚባለው ነፋስ በሶማሌ ጠረፍና በሶኮትራ ደሴት አካባቢ እጅግ በርትቶ ይነፍሳል፤ ባሕሩም ለሳምንታት ሳያርፍ ይናወጣል። ሳይክሎን የሚባለው ዐውሎ ነፋስ ደግሞ በዐረብ ባሕር ላይ የሚነሣው በአብዛኛው ከዚህ ወቅት በፊትና በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ፣ ሁለተኛም በጥቅምትና በኅዳር። በመካከሉ ባለው ጊዜ የላይኛው አየር ነፋስና የታችኛው ስለማይስማሙ ዐውሎው ገና ሳይጠነክር ይበተናል። ከምድር ወገብ በታች ባለው የህንድ ውቅያኖስ ክፍል፣ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር በኩል፣ ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው።

ይህ የሌላ አገር ወሬ እንዳይመስል ያለፉትን ጥቂት ዓመታት መመልከት ይበቃል። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ቻፓላ የተባለው ሳይክሎን ሶኮትራን መትቶ የመን ውስጥ በሙከላ አጠገብ ወደ ምድር ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሜግ የተባለው ተከተለው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው እዚያው በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመጓዝ በግንቦት 11 ቀን በሰሜናዊው የሶማሌ ጠረፍ ላይ ወደቀ፤ በጅቡቲ ከተማም የአንድ ዓመት ያህል ዝናብ በአጭር ጊዜ ወርዶ ጎርፉ መንገዶችን ሸፈነ። ሳምንት ሳያልፍ በግንቦት 17 ቀን መኩኑ የተባለው ሌላ ዐውሎ በኦማን ሰላላ አጠገብ ወደ ምድር ወጣ። ሰላላ ኮንቴይነር ከትልቅ መርከብ ወደ ትንሽ የሚዛወርበት ወደብ ነው፤ ወደቡ ሲዘጋ የተጎዳው ዕቃው ኦማን የሚደርስለት ነጋዴ ብቻ አልነበረም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጋቲ በሶማሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሀፉን አጠገብ ወረደ።

ግንቦት ለእኛ ምን ዓይነት ወር እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ገበሬው ማዳበሪያ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ስንዴም ሆነ ማዳበሪያ በጅምላ ተጭኖ ሲመጣ ዝናብ ከጣለ የመርከቡ ጉድጓድ ክዳን ይዘጋል፤ ማራገፉም ይቆማል። መርከብ የተከራየ ሰው በውሉ ላይ የማራገፊያው ጊዜ የሚቆጠረው «አየሩ ለሥራ በፈቀደበት ቀን» ብቻ ነው የሚል ቃል አስገብቶ እንደ ሆነ ከዚህ ይድናል፤ ካላስገባ ግን ሰማዩ ለዘጋው ቀን ሁሉ ዲመሬጅ ይከፍላል። አንድ ሐረግ ስንት ብር እንደሚያወጣ በዚህ ይታያል።

ስለ ባሕሩ የሚነገረው ዜና የተሰወረ አይደለም። በሰሜን ህንድ ውቅያኖስ ለሚነሡት ሳይክሎኖች ስም የሚያወጣውና ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በኒው ዴልሂ ያለው የህንድ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። ለዐረብ ባሕር፣ ለኤደን ባሕረ ሰላጤና ለቀይ ባሕር መርከቦች የሚነገረውን የባሕር አየር ሁኔታ መግለጫ በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲያዘጋጅ የተመደበው ደግሞ የፓኪስታን ነው። ቃሉም ለለመደው ቀላል ነው። ነፋሱ 34 ኖት፣ ማለት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ዐውሎው ሳይክሎን ይባላል፤ 48 ኖት ሲደርስ ብርቱ ሳይክሎን፣ 64 ኖት ሲደርስ እጅግ ብርቱ ሳይክሎን ይሆናል። የማዕበሉ ከፍታ 4 ሜትር ነው ሲባል ግን ሁሉም ማዕበል 4 ሜትር ነው ማለት አይደለም፤ ከማዕበሎቹ ሁሉ ከፍ ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛው ተወስደው የወጣላቸው አማካይ ነው። ስለዚህ ነጠላ ማዕበል የዚህን ዕጥፍ ያህል ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ኮንቴይነር ከመርከብ ላይ የሚወስደው እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ኢንሹራንስ ነው። በባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ውስጥ ሀ፣ ለ እና ሐ ሊባሉ የሚችሉ፣ በእንግሊዝኛው ፊደል ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብለው የሚታወቁ ሦስት ዓይነት ውሎች አሉ። ሦስተኛው ርካሽ ነው። ብዙ ሰው የሚወስደውም እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ባንኩ የሚጠይቀው የኢንሹራንስ ወረቀት መኖሩን እንጂ ወረቀቱ ምን እንደሚል አይደለም። ይህ ርካሽ ውል መርከብ ቢቃጠል፣ ቢሰጥም፣ ቢገለበጥ፣ መሬት ቢነካ ወይም ቢጋጭ ይከፍላል። መርከቡን ለማዳን ተብሎ ዕቃ ሆን ተብሎ ወደ ባሕር ቢጣልም ይከፍላል። ነገር ግን ማዕበል ኮንቴይነሩን ከመርከቡ ወለል ላይ ጠራርጎ ቢወስደው አይከፍልም። የባሕር ውሃ ወደ ኮንቴይነሩ ገብቶ ጨርቁን ወይም ወረቀቱን ቢያበላሸውም አይከፍልም። እነዚህ ሁለቱ የሚገኙት በሁለተኛው ውልና ሁሉን አቀፍ በሆነው በመጀመሪያው ነው። እንግዲህ በሰኔ ወር የሕንድ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ርካሹን ውል ሲገዛ፣ መርከቡ ይሰጥማል ብሎ ፈርቶ ማዕበል ግን አይነሣም ብሎ ተስፋ ማድረጉ ነው። ፍርሃቱና ተስፋው ቦታ ተለዋውጠዋል።

የመርከቡን ባለቤት እከሳለሁ ማለትም ብዙ አያራምድም። እ.ኤ.አ. በ1924 በብራስልስ የተፈረመው፣ የሄግ ደንብ የሚባለውና በብዙ የማጓጓዣ ሰነዶች ጀርባ የሚጠቀሰው ስምምነት፣ አጓዡን በባሕር አደጋ ከሚደርስ ጉዳት ነጻ ያደርገዋል። ጉዳቱ ከውጭ የማይታይ ከሆነም ዕቃው እጅ በገባ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ስንቱ ነጋዴ ነው ኮንቴይነሩን በመጋዘኑ በር ላይ አስቀምጦ በሁለተኛው ሳምንት የሚከፍተው? በተከፈተ ጊዜ እርጥቡ ካርቶን ይገኛል፤ ውሃው በባሕር ይግባ በሞጆ መንገድ ይግባ ግን ማስረዳት ይቸግራል።

ሌላም የሚረሳ ዕዳ አለ፤ ጄኔራል አቨሬጅ የሚባለው የጋራ ኪሳራ ነው። መርከብና ጭነትን ከጋራ አደጋ ለማውጣት የወጣውን ወጪ፣ ዕቃው ምንም ያልተነካበት ሰው ጭምር፣ እንደ ንብረቱ ዋጋ ይካፈላል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የተባለችው ትልቅ መርከብ አሸዋ በቀላቀለ ብርቱ ነፋስ መካከል በስዊዝ ቦይ ውስጥ ተወትፋ 6 ቀን መንገድ በዘጋች ጊዜ፣ ባለቤቷ ይህንኑ የጋራ ኪሳራ አወጀ። በመርከቧ ላይ አንድ ኮንቴይነር ብቻ የነበረው ሰውም ዋስትና ሳይሰጥ ዕቃውን ሊቀበል አይችልም ማለት ነው። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ይህን ዋስትና ኩባንያው ይሰጥለታል፤ የሌለው ከኪሱ ያስይዛል።

የላኪው ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። የቡና ላኪው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ዕቃው የሚጫንበትን የመጨረሻ ቀን ይወስናል። መርከቡ በባሕር መናወጥ ዘግይቶ ጅቡቲ ቢደርስና የማጓጓዣው ሰነድ ቀን ከዚያ ቢያልፍ፣ ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ይላል፤ ባንክ የሚያየው ወረቀት እንጂ ነፋስ አይደለምና። በዚያ ሳምንት የቡና ዋጋ ወድቆ እንደ ሆነ ገዢው ቅናሽ ይጠይቃል፤ ላኪውም ቡናው ውሃ ላይ ስላለ እሺ ይላል። (ሰነዱን ወደ ኋላ አስቀድሞ ማስጻፍን እንደ መድኃኒት የሚመክሩ አሉ፤ ይህ ማጭበርበር ነው።) መድኃኒቱ በክረምት ለሚጫን ዕቃ ውሉ ሲፈረም ሁለትና ሦስት ሳምንት ጨምሮ መጠየቅ ነው። መዘግየት ራሱ በማንኛውም የኢንሹራንስ ውል አይካስም፤ ሁሉን አቀፍ በተባለውም ቢሆን።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ አደጋ መጣል ከጀመረ ወዲህ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኩል ለመዞር ተገደዱ። በእኛ ክረምት የዚያ አገርም ክረምት ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ማዕበል ወደዚያው አቅጣጫ ከሚወርደው የአጉልሃስ ጅረት ጋር ሲጋጠም እጅግ ቀጥ ያለ ሞገድ ይነሣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚያ ጠረፍ አንዲት ታላቅ መርከብ ብቻ 44 ኮንቴይነር ጠፍቶባታል። ቡና በዚህ መንገድ ሲሄድ ሌላም ችግር አለበት፤ ከሙቅ ባሕር ወደ ቀዝቃዛ ሲሻገር ከፍሬው የሚወጣው እርጥበት በኮንቴይነሩ ጣሪያ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኮንቴይነሩን በውስጥ በወፍራም ወረቀት ሳይሸፍንና እርጥበት መጣጭ ሳያንጠለጥል የላከ ሰው ካሣ ሲጠይቅ፣ ኩባንያው ጉዳቱ ከዕቃው ጠባይና ከአስተሻሸጉ የመጣ ነው ብሎ ሊከራከረው ይችላል።

ይህ ሁሉ ለትልልቆቹ ቤቶች ነው፣ ለባለ ሱቁ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ ቤት አሥር ኮንቴይነር አስመጥቶ አንዱ ቢበላሽበት በዘጠኙ ይተካዋል፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተጋርቶ አንድ ኮንቴይነር ያስመጣው ባለ ሱቅ ግን የጠፋበት ኮንቴይነር ሙሉ ሱቁ ነው። ርካሹን ውል የሚገዛውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ዕቃ አስተላላፊው የቱን ትፈልጋለህ ብሎ አይጠይቀውምና።

የንግድ ምክር ቤቱ በዚህ በኩል ሊያደርገው የሚገባ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ አለ። በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ከቡናው ዋጋና ከምንዛሪው ሠንጠረዥ ቀጥሎ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የዐረብ ባሕር የነፋስ ኃይል፣ የማዕበል ከፍታና የተነሣ ሳይክሎን ቢኖር አቅጣጫው በአምስት መስመር በአማርኛ ይውጣ። ከየመግለጫው አጠናቅሮ የሚያቀርብ አንድ ጸሐፊ ይበቃል። ሁለተኛም ምክር ቤቱ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ጠርቶ፣ ሦስቱ ውሎች የሚከፍሉትንና የማይከፍሉትን በአንድ ገጽ በአማርኛ እንዲያትሙና ፖሊሲው ከመፈረሙ በፊት ለገዢው እንዲሰጡ ያስማማ። የመጀመሪያው መስመር ከግንቦት በፊት ቢወጣ፣ የክረምቱን ዕቃ የሚያዝዙ ነጋድያን ፖሊሲያቸውን ለመለወጥ ጊዜ ያገኛሉ።