«ትንሽ አስተያየት አድርግልን»

ቦንጋ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ባነር፣ መጽሔትና ቪዲዮ የሚያሠራው በርክቷል። ካሜራና ላፕቶፕ ይዘው በግል የሚሠሩ ወጣቶችም አሉ። ሥራ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚሰሙት ግን «ስንት ነው?» የሚለውን ነው። ለምን እንደተፈለገ እንኳ ገና አልተነገራቸውም። ዋጋ ሲጠሩ ደግሞ «የሰፈራችን ልጅ አይደለህ? ትንሽ አስተያየት አድርግልን» ይከተላል።

ሠርግን እንይ። ደጋሹ የሚያየው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ልጁ ግን ካሜራውን ከዝናብ በፌስታል ሸፍኖ ገጠር ቀበሌ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉ እየተነሣ ኤዲት ያደርጋል። የሙሽራዋ እናት «እኔ የለሁበትም» ካሉ እንደገና ይከፍተዋል። ይህ ድካም ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ።

የመሥሪያ ቤቶቹ አካሄድ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሞላው ያሸንፋል። ለወረቀትና ለቀለም ያስኬድ ይሆናል። ዲዛይን ግን እንደ ሠሪው ይለያያል። ዋጋ ሰብሮ ያሸነፈ ልጅ ኪሳራውን የሚያካክሰው ሰዓት በመቆጠብ ነው፤ እናም ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ አገር ቡና ፎቶ «የካፋ ቡና» ተብሎ ይታተማል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ደን እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ! ያ ፎቶም ባለቤት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች መድቦታል። ቀዩን ብቻ መርጦ የለቀመ የካፋ ገበሬ ቡናው ከመሬት ከተጠረገው እኩል ቢጠራበት እንደማይቀበል ሁላችንም እናውቃለን። ለልጁ እጅ ይህን ሚዛን ለምን እንነፍገዋለን?

ወጣቶቹም በስልክ ዋጋ መወርወሩን ይተዉ። ምን እንደሚያስረክቡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያርሙና መቼ እንደሚያደርሱ በአንድ ገጽ ጽፈው ያስፈርሙ፤ ቀብድ ሳይቀበሉ አይጀምሩ። ደንበኛው «ቀንስ» ሲል ከሥራውም ይቀንሱ፤ አልበሙ ይቅር፣ ወይም የመልሱ ቀረጻ ይቅር። በእውነት ለቸገረው ዘመድ በነፃ መሥራት ነውር የለበትም፤ ሙሉ ዋጋው ግን ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ምን እንደተደረገለት ይወቅ።

መሥሪያ ቤቶችም ከፕሮፎርማው ጋር ቀድሞ የተሠሩ ሥራዎችን ይጠይቁ። ከሦስቱ ፖስታዎች በፊት ሦስቱን ሥራዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይዩ፤ ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።