ስለ ፎርሃንድ ምትና ስለ ሜዳችን በር

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ቴኒስ ሲጽፍ ፎርሃንድን ኀይለኛ የሚያደርገው የክንድ ጡንቻ መሆኑን ገልጾ ፤ ተማሪው ሁሉ ብረት ማንሳት እንዲጀምር መክሮን ነበር። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ አይደለሁም ፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ ፤ በክፍላችንም ራኬት የሚይዘው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ነገር ግን ወንድማችን የሚመክረውን ስሕተት አንድ ዓመት ሙሉ ስሠራው ስለ ኖርሁ ፤ ስለ እሱ ለመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል።

በጅማ ከተማ ፤ በጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ ፤ ቀዩን አፈር ደልድለን ፤ መስመሩን በኖራ አስምረን ፤ በሁለት እንጨት መካከል መረብ የዘረጋንባት ሜዳ አለችን። ሜዳ የምንላት በመልካም ፈቃዳችን ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃ ትሆናለች ፤ በበጋ ደግሞ አቧራዋ ነጭ ሸሚዝን በአንድ ሰዓት ውስጥ የበርበሬ ከረጢት ያስመስለዋል። እኔም በዚህች ሜዳ ላይ ጥርሴን ነክሼ ፤ ክንዴን እንደ ምሰሶ አድርቄ ፤ ባለኝ ኀይል ሁሉ እመታ ነበር። ኳሱ ግን ወይ መረቡ ላይ ይቀራል ፤ ወይም መስመሩንና አጥሩን ተሻግሮ ከጎረቤት ቡና ሥር ይወድቃል። ማታ ክርኔ ስለሚያመኝ ብዕር መያዝ እስኪያቅተኝ ደርሼ ነበር።

ኳሱን ከቡናው ሥር ፈልገው የሚያመጡልን የሠፈር ልጆች ናቸው። እኛ ስናርፍ እነሱ ከመስመሩ ውጭ ሆነው ከሣንቃ በጠረቡት ነገር ፀጉሩ ያለቀ ኳስ ይቀባበላሉ። አንድ ቀን ከእነሱ አንዱ ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው ፤ ኳሱን አቀበለኝና አልሄድ አለ።

«ጋሼ ፤ ጅራፍ አጩኸህ አታውቅም?»

«እንዴታ!» አልሁት። (እውነቱን ለመናገር ያጮህሁት አንድ ሁለት ጊዜ ነው ፤ በአንደኛውም የገረፍሁት የራሴን ጆሮ ነው።)

«ታዲያ ጅራፍ ስታጮህ ክንድህን ታደርቃለህ?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁት ትምህርት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የፎርሃንድ ኀይል የሚነሣው ከመሬት ነው። እግር መሬቱን ይገፋል ፤ ዳሌ ይዞራል ፤ ወገብ ደረትን ያዞራል ፤ ትከሻ ክንድን ይስባል ፤ የእጅ አንጓም ላላ ስለሚል ራኬቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ በመጨረሻ ይወነጨፋል። እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ያገኘውን ፍጥነት ለሚቀጥለው ያወርሳል ፤ ልክ የጅራፍ እጀታ ለጫፉ እንደሚያወርሰው። በመካከሉ ክንድ ደርቆ የተገኘ እንደ ሆነ ውርሱ እዚያ ላይ ይቋረጣል ፤ የተቋረጠውንም ዕዳ ክርን ይከፍላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከምቱ በፊት ነው። ኳሱ ከባላጋራው ራኬት ሲነሣ ወዲያው ትከሻን ማዞር ይገባል። የግራ እጅ የራኬቱን አንገት ይዞ አብሮ ቢዞር (ግራኝ የሆነ በተቃራኒው ያድርግ) ደረት ሳይዞር ክንድ ብቻውን ወደ ኋላ መሄዱ ይቀራል። አያያዙም ከሰው ጋር እንደ መጨባበጥ ይሁን ፤ ወይም እጁ ከእጀታው ጥቂት ወደ ታች ዞር ይበል ፤ ጭብጡ ግን አይጥበቅ። ኳሱን ከሰውነት ፊት ለፊት እንጂ ከጎን አጠገብ አትጠብቁት። ራኬቱም ከኳሱ ዝቅ ብሎ ተነሥቶ ወደ ላይ እየጠረገ በግራ ትከሻ በኩል ይውጣ። ኳሱ ክሩን የሚነካው ከሰከንድ ሺህ ክፍል አምስት ያህሉን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ልምራው» ብሎ እጅን ማጣመም ከንቱ ነው ፤ የሚመራው ቀደም ብሎ በተያዘው መንገድ ነው።

ወንድማችን የሮድ ሌቨርን ክንድ ሊጠቅስብኝ ይችላል። እውነት ነው ፤ ሌቨር የግራ ክንዱ ወፍራም ነበር። ነገር ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ያህል የነበረው ይህ አውስትራሊያዊ በእ.ኤ.አ. 1962 እና በ1969 በየዓመቱ አራቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ከዛሬው በጣም በሚከብድ የእንጨት ራኬት ነው። ለዚያ ራኬት እጅ ያስፈልግ ነበር ፤ የዛሬው ራኬት ግን 300 ግራም ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አየራችን አንድ ነገር ልጨምር ፤ ምክንያቱም ብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት የሚጻፉት በዝቅተኛ አገር ላሉ ሰዎች ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳሱን እንደሚገባው አያዘገየውም ፤ ወደ ፊት የሚሽከረከረውንም ኳስ እንደ ልብ ወደ መሬት አይጫነውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ይህን ስለሚያውቅ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። ከ254 ሳንቲ ሜትር ሲለቀቅ ተራው ኳስ ከ135 እስከ 147 ሲነጥር ፤ ለከፍታ ከተሠሩት አንደኛው ዓይነት ከ122 እስከ 135 ብቻ ነው የሚነጥረው። ስለዚህ በእኛ ሜዳ ጉልበት የጨመረ ሰው ኳስ ፈላጊ ይሆናል። የሚሻለው ጠረጋውን ወደ ላይ ማብዛትና ኳሱን ወደ ማዕዘን መላክ ነው። መረቡ በመካከሉ 91 ሳንቲ ሜትር ፤ በምሰሶው በኩል 1 ሜትር ከ7 ነው ፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄደውም መንገድ ከቀጥታው በ1 ሜትር ከ40 ገደማ ይረዝማል። ዝቅ ያለ መረብና ረዘም ያለ ሜዳ በነፃ ሲሰጡ የማይወስድ ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የሜዳው ኮሚቴ ቦታውን በቆርቆሮ ለማጠርና መዋጮ ያልከፈለ እንዳይገባ ለማድረግ አስቧል። የተሰጠው ምክንያት «ልጆቹ ኳስ ያጠፋሉ» የሚል ነው። ኳስ ውድ መሆኑን አልክድም ፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነው። ነገር ግን በሐቅ እንነጋገር። ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚጥለው የልጆቹ ሣንቃ ነው ወይስ የእኛ የደረቀ ክንድ? እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ቡና ሥር ጥያለሁ ፤ አራቱንም ያመጡልኝ እነሱ ናቸው። በቆርቆሮ ስናጥር ኳሱን የሚፈልግልን ማን እንደሚሆን ኮሚቴው ያሰበበት አይመስለኝም። ሱሪያችንን ሰብስበን እሾህ ውስጥ የምንገባው እኛው ነን።

ከዚህም በላይ ፤ ማን ማንን እንደሚያስተምር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አሜሪካዊው አርተር አሽ እ.ኤ.አ. በ1971 ካሜሩንን ሲጎበኝ ያኔ ገና ልጅ የነበረውን ያኒክ ኖዋን አየው ፤ ልጁም በፈረንሳይ አገር እንዲሠለጥን መንገድ ከፈተለት። ኖዋ በ1983 የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። አሽ ያን ቀን አጥር ቢያጋጥመው ኖሮ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የእኛም አገር ሰው በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲጋፉ ያይ ነበር ፤ በዚያ ሜዳ ላይ «አንተ መዋጮ ከፍለሃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ያቀረብሁት ሐሳብ ቀላል ነው። ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ሜዳው ለልጆቹ ይሰጥ። ያረጁ ኳሶች አይጣሉ ፤ ለእነሱ ይተላለፉ። ያረጀ ኳስ በእኛ ከፍታ እንደ አዲሱ ስለማይነጥር ለጀማሪ የተሻለ ነው። ሁለት የቆዩ ራኬቶች አሉኝ ፤ አንደኛው ክሩ ተበጥሷል ፤ እሱንም አሠርቼ እሰጣለሁ። መዋጮውን እኛ እንክፈል ፤ ልጆቹም ኳስ ስለሚያቀብሉን እንደ ከፈሉ ይቈጠርላቸው። ይህን በጽሑፍ አድርጌ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ ፤ የሚደግፍ ተማሪ ካለ ስሙን ከታች ይጨምርልኝ።

ባለፈው እትም የጻፈው ወንድማችንም ብረቱን ለአንድ ቀን አስቀምጦ ቅዳሜ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ጅራፉን የሚያሳየው ልጅ ከአጥሩ አጠገብ ያገኘዋል ፤ ቆርቆሮው እስካልተመታ ድረስ።